እትዬ መቀስ የዘለለችው ምዕራፍ

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ልብስ ሰፊማ ሌላም ሞልቷል። ምላሷ ነው። ለአንድ ሸሚዝ የማይበቃ ጨርቅ ይዞ መጥቶ "አብቃቂው" እያለ የሚነዘንዛት ደንበኛ ሲገጥማት፣ ከማሽኑ ቀና ሳትል አንዲት ቃል ወርወር ታደርግና ሰውየው ጨርቁን ጠቅልሎ ይወጣል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ጨምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቃል ፈርታ ሰፈሩን በሙሉ ዝም ታሰኛለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የፈራችው ቃል "ዓይን" የሚለው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጣቢዋ ልጅ ነው። አጣቢዋ ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ፣ የጋራው ቧንቧ አጠገብ የሰው ልብስ እያጠበች ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጅቷ ገና በእቅፍ ሳለች ጠንቶባት በነበረ ሕመም ዓይኗ ጠፋ። እናት ስታጥብ ልጅ ብርድ እንዳይመታት እየተባለ ልብስ ስፌት ቤት ትቀመጥ ነበር፤ እዚያው በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ድክ ድክ አለች፣ እዚያው አደገች። ከፍ ስትል ክር ማስገባት የእሷ ሥራ ሆነ። ክሩን በከንፈሯ ታረጥብና የመርፌውን ቀዳዳ በምላሷ ጫፍ ፈልጋ ሹልክ ታደርገዋለች። እትዬ መቀስ የቅርብ ነገር እየደበዘዘባት ከመጣ ቆይቷል፤ መነጽር ግን የአሮጊት ነው ብላ አሻፈረኝ ብላለች።

ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ተቀብሏል፤ መጽሐፍ ግን አልነበረውም። በጣት የሚዳሰስ መጽሐፍ ሲጠየቅ ከየት ይምጣ ተባለ። በታችኛው ክፍል መምህር ሲናገር ሰምታ የያዘችውን ይዛ ተወጣችው። ክፍሉ ከፍ ሲል መምህራኑ "ገጹን አውጡና አንብቡ" ማለት አበዙ፤ ሌሎቹ ሲያነቡ እሷ እጇን አጣጥፋ የገጽ ድምፅ ስታዳምጥ ትውላለች። አንድ ቀን ቦርሳዋን ጥጉ ላይ ወርውራ፣ ከነገ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ልብስ አጥባለሁ አለች። እትዬ መቀስ ማሽኑን ቀጥ አደረገችው።

"ታጥቢያለሽ" አለች። "የኔን መገነዣ።"

ይህን ብላ አልተወችውም። በዚያው ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና ሰፈሩን አዳረሰች። ፀጉር አስተካካዩን ታሪክ አሸከመችው፤ ጡረታ የወጡትን የአውቶቡስ ሾፌር ጂኦግራፊ፣ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ኬሚስትሪ። ባዮሎጂን ለራሷ አደረገች። ሥራው ቀላል ነው፤ መጽሐፉን ጮክ ብሎ እያነበቡ በስልክ መቅረጽ። እምቢ ያለ አልነበረም፣ ምላሷን ፈርቶም ይሁን ወዶ።

የአነባበባቸው ነገር ለብቻው ታሪክ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጦርነት ላይ ሲደርስ እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፈዋል፤ ከጀርባው የመቀስ ቀጭ ቀጭና "ጎኑን ትንሽ አሳጥረው" የሚል የደንበኛ ድምፅ አብሮ ይገባል። ሾፌሩ አንድ ወንዝ ባነበቡ ቁጥር፣ ድልድዩ ላይ በክረምት መኪና እንዴት እንደሚያንሸራትት ሳይጨምሩ አያልፉም። እትዬ መቀስ ብቻ ከመጽሐፉ አንድ ቃል አትጨምርም። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ሲያርፍ በሩን መለስ ታደርግና፣ መጽሐፉን ክንዷ እስከሚችለው አርቃ ይዛ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ታነባለች። ልጅቷ ያን ድምፅ በአንድ ጆሮዋ ሰክታ ትተኛለች፣ ሰክታ ትነሳለች። ሰፈሩም ስሟን ትቶ "ተማሪዋ" ይላት ጀመር። ወደፊት ምን ትሆኛለሽ የሚላት ሲኖር ሕግ እማራለሁ ትላለች፤ ከእትዬ መቀስ ምላስ ሥር አድጌ ሌላ ምን ልሆን ነው ብላ ትስቃለች።

እንግዲህ የቃሉ ነገር። እትዬ መቀስ ተማሪዋ ባለችበት ስለ ዓይን እንዳይወራ ደንብ አወጣች። አንዲት ደንበኛ "ዓይን የሚገባ ቀሚስ ስፊልኝ" ካለች እትዬ መቀስን ሳል ይይዛታል። ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ሲያሳምር "አየሽ" ማለት ልማዱ ነው፤ እሱን አስትታ "ሰማሽ" አስለመደችው። ሾፌሩ ልጅቷን "የዓይኔ ብርሃን" ብለው ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ እግራቸውን ስለረገጠቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ "የጉልበቴ ብርሃን" ማለት ጀመሩ፤ ምን ማለት እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። ተማሪዋ ራሷ ግን "ትናንት ከእናቴ ጋር ፊልም አየን" ማለት አይከብዳትም ነበር። ይህን ግን ልብ ያለው የለም፤ ሁሉም ደግ ለመሆን ተጠምዷል።

ያ ምዕራፍ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የስሜት ሕዋሳት ይላል ርዕሱ። እትዬ መቀስ ቆዳን አነበበች፣ ምላስን አነበበች፤ አፍንጫን ጨርሳ ጆሮ ላይ ስትደርስማ፣ ይቺ ልጅ ይህን ስትሰማ እንዴት ትኩራራ ይሆን ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ገጹን ገለጠች። ገጹን ሙሉ የያዘ፣ ለሁለት ተቆርጦ የውስጡ የሚታይ የዓይን ሥዕል ነበር። ጥቂት መስመር ለብቻዋ አየት አየት አደረገች፤ ብርሃን እንዴት እንደሚገባ፣ ቀለም እንዴት እንደሚለይ ይተርካል። ለዚህች ልጅ ያጣችውን ነገር ቁጭ ብዬ ላሞግስላት ነው? አንጀቷ አልችል አለ። ገጾቹን በአውራ ጣቷ ሰብስባ በአንድ ጊዜ ገለበጠቻቸውና "ምዕራፉ እዚህ ላይ አለቀ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ነገ አነብላታለሁ ብላ ነበር። ለመዘጋጀት ለብቻዋ ደጋግማ ስላነበበችው በቃሏ ልትወጣው ምንም አልቀራት። ስልኩን ስትከፍት ግን መልሳ ትዘጋዋለች። ነገ ዛሬ ስትል ሌሎች ምዕራፎች መጡና ነገሩ ተዳፈነ። ከዚያ ሁሉ ገጽ መሀል ይህን መርጠው አይጠይቁም ብላ ራሷን አጽናናች።

ርዕሰ መምህሯ አጣቢዋን ያስጠሯት የዋናው ፈተና ምዝገባ ሲቃረብ ነው። አጣቢዋ መናገር ስለማይሆንላት እትዬ መቀስን ይዛ ሄደች። ርዕሰ መምህሯ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ነገር ሳይበላሽ ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ እንዲያልፍ የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ትምህርት ቤቱ የማታይ ተማሪ ለዋናው ፈተና አስመዝግቦ እንደማያውቅ፣ ወድቃ ከምትሰበር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚሻል አስረዱ። ስለዚህ አስቀድማ የሙከራውን ፈተና ትፈተናለች። ካለፈች ትመዘገባለች። ካላለፈች ቅርጫት ሥራ ወደሚያስተምሩበት ማዕከል ትዛወራለች። በቅርጫት ሥራ የሚያፍር የለም፤ ግን ልጅቷ አልመረጠችውም። ጥያቄውን የሚያነብላት ሰውም መምህር መሆን የለበትም፣ መምህር ሊያግዛት ይችላል ተባለ። ራሷ ሰው ትምረጥ፤ ፈታኝ ከኋላ ይቀመጣል፤ የእርዳታ ምልክት ከታየ ግን ፈተናው በሙሉ ይሰረዛል።

ተማሪዋ ሳታመነታ እትዬ መቀስን መረጠች። ድምፅሽን ስለለመድኩት አልደናገርም አለቻት። እትዬ መቀስ እሺ አለች፤ ሌሊቱን ግን ጎኗ መኝታ አልነካም።

የባዮሎጂው ቀን ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ፣ ሾፌሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ አጣቢዋ እጇ ሳሙና እንደያዘ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ዘበኛው አላስገባም አላቸው፤ እነሱም አንሄድም አሉ። ልጅቷና እትዬ መቀስ የተሰበረ ወንበር በተከመረበት አንድ ጠባብ ክፍል ገቡ፤ ሌሎቹን እንዳይረብሹ ነው። ፈታኙ ወጣት የሒሳብ መምህር ነበር፣ ሳቅ የማያውቅ። ሕጉን ነገራቸው፤ ጥያቄ ይነበባል፣ ከተጠየቀ ይደገማል፣ ልጅቷ የምትለው ፊደል ይከበባል፣ ሌላ ነገር የለም። ከኋላቸው ተቀመጠ።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ፈተናው ስለ ደም ዝውውር ጠየቀ፤ ተማሪዋ ምርጫው ሳያልቅ ፊደሉን ትጠራለች። ስለ ቅጠል ጠየቀ፤ ያንንም አወቀችው። በአውራ ጣቷ ጠረጴዛውን ቀስ እያለች ትመታለች፤ ነገር ሲቀናት እንዲህ ታደርጋለች። እትዬ መቀስ ልቧ ረጋ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ይዛ ገለጠች፣ አየች።

ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን። ጥያቄዎቹ ተከታትለው ተደርድረዋል።

መዝለል አይቻልም። የመጀመሪያውን አነበበች፤ ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን መጠን የሚቆጣጠረው ክፍል የትኛው ነው? ድምፄን አልቀይርም ብላ ማለች። "ሀ፣ ሌንስ" አለች እንደ ሁልጊዜው። "ለ..." አለችና ጉሮሮዋ ያዛት። መልሱ እሱ ነው። በቃሏ ታውቀዋለች። "ለ፣ አይሪስ።" ድምፁ ሰለል ብሎ ወጣ፣ ከሌላው ጊዜ ዘግየት ብሎ። አውቃ ነው ያደረገችው ወይስ አመለጣት? እስከ ዛሬ ብትጠይቋት ቁርጡን አትነግራችሁም። የቀሩትን ሁለት ምርጫዎች እየተጣደፈች አነበበች።

ተማሪዋ አንገቷን ወደ እትዬ መቀስ ዘንበል አደረገች። ሰምታለች። የዚህችን ሴት ትንፋሽ ስንት ዓመት ስታዳምጥ ኖራለች፤ ስትቆጣም፣ ስትዋሽም፣ ሲከፋትም በትንፋሿ ትለየዋለች። አውራ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ከኋላ የፈታኙ ወንበር ተንቋቋ። ለ በይና እንገላገል፣ ትላለች እትዬ መቀስ በሆዷ፤ መልሳ ደግሞ እባክሽ እንዳትይው ትላለች።

"ዝለዪው" አለች ተማሪዋ። "ባዶ ይሁን።"

ሁለተኛውንም ዝለዪው አለች፣ ሦስተኛውንም። የዓይን ጥያቄ እስኪያልቅ አንድም ፊደል አልጠራችም። ፈታኙ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ሲጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማል። የቀረውን ፈተና እትዬ መቀስ እንዴት እንዳነበበችው አታውቀውም፤ ከአፏ የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላት ነበር።

ሲጨርሱ ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ወደ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ወሰዳቸው። የአንባቢዋ ድምፅ አንድ ምርጫ ላይ ተለውጧል፣ የሰማሁትን መናገር ግዴታዬ ነው አለ። ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር አሉ። እትዬ መቀስ መልስ አዘጋጅታ ነው የገባችው። ጉንፋን ይዞኛል ልትል ነው፤ ማን ያስተባብላታል? ፈታኙ ግን ሳይጠየቅ ጨመረ፤ ልጅቷ ያን ምርጫ አልወሰደችም፣ ተከታዮቹንም ሁሉ ባዶ ትታቸዋለች አለ። የሰማውን እንጂ ያልሰማውን አይናገርም፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ርዕሰ መምህሯ ወረቀቱን አገላበጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ለስልሷል፤ መለስለሱ ነው የባሰው። እርዳታው ይቅር፣ እሱን ልለፈው አሉ። ግን አንድ ምዕራፍ በሙሉ ሳታጠና የምትመጣ ተማሪ ዋናውን ፈተና እንዴት ትችለዋለች? አቅምሽን ማወቅ ነውር አይደለም፤ ማዕከሉም ቢሆን ጥሩ ቦታ ነው። ተማሪዋ እጇን አጣጥፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰነፍ መባሉን ልትወስደው ነው። እትዬ መቀስ ይህን ስታይ ያዘጋጀችው ጉንፋን ከአፏ ጠፋ።

"አላነበብኩላትም" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"ምዕራፉን። የምታጠናው እኔ ካነበብኩላት ነው፤ እሱን አላነበብኩላትም። አልቋል ብዬ ዋሸኋት። ድምፄም ተሰብሯል፤ መምህሩ ልክ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ምንም የላትም።"

ለምን ተብላ ተጠየቀች። ያች ደንበኛ የምታሸማቅቅ ምላስ ተሳሰረች። "ፈርቼ" አለች ሲቸግራት። "እንዳይከፋት ብዬ።" እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ወደ ልጅቷ ዞር ማለት አቃታት።

"አውቄያለሁ" አለች ተማሪዋ። "ገጾቹን በአንዴ ስትገለብጫቸው ተቀርጿል። የስሜት ሕዋስ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሕፃንም ያውቃል፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ታነቢልኝ ነበር፣ እያለቀስሽ። የሚያለቅስ ሰው ቀርጬ እንዴት ነው የማጠናው?" አለች ተማሪዋ። "ሌላ ሰው እንዳልጠይቅም ሰፈሩ ሁሉ አፉን ዘግቷል። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ስለ ዓይን ማውራት የሚያስነውር ነገር መሰለኝ። ራሴም የሚያስነውር ነገር ያለብኝ መሰለኝ።"

እትዬ መቀስ ስንት ዓመት ሙሉ እግር የረገጠችው፣ የሳለችው፣ ሰው ያረመችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ራሷ ላይ ወደቀ። ደግነት ነበር ያለችው። የሚያሳፍር ነገር ሰፍታ ልጅቷን ያለበሰቻት እሷ ኖራለች።

ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ፈተናው አይሰረዝም አሉ፤ ባዶ የተተወው እንደ ስህተት ይቆጠራል። የቀሩትን ፈተናዎች ግን ሌላ ሰው ያነብላታል፤ እርስዎ ከዚህ በኋላ አይገቡም አሏት። እትዬ መቀስ አልተከራከረችም። የሚገባት ነው።

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ነገሩን ሰሙ። ሾፌሩ ኮታቸውን አወለቁ፣ መልሰው ለበሱ። አጣቢዋ ወደ እትዬ መቀስ ጠጋ ብላ፣ እኔም እኮ እናቷ ሆኜ አንድ ቀን አውርቻት አላውቅም አለች ቀስ ብላ። የነገውን የታሪክ ፈተና እንዲያነብ የተመረጠው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጥያቄውን እንደ ኳስ ጨዋታ እንዳያስተላልፈው እስከ ሰፈር ድረስ ሁሉም ሲያስጠነቅቀው ሄደ።

ልጅቷ አልፋለች፤ ውጤቱ ሲወጣ ለጥቂት ነው የተረፈችው፣ እነዚያ ባዶ ጥያቄዎች ገደሉ አፋፍ አድርሰው ነው የመለሷት። ለዋናው ፈተናም ተመዝግባለች። ይህ ግን የመጣው በኋላ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት ማለፏን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልብስ ስፌት ቤቱ ተዘጋና ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ።

"አንብቢ" አለች ተማሪዋ።

እትዬ መቀስ መጽሐፉን ከማሽኑ ሥር አወጣች፤ ሥዕሉ ያለበት ገጽ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ክንዷን ዘርግታ አነበበች። ልጅቷ በጣቷ የራሷን የዓይን ቆብ እየዳሰሰች ታዳምጣለች። ብርሃኑ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል ሲል፣ እንደ መርፌ ማለት ነው? ብላ አስቆመቻት። እንደ መርፌ ነው አለቻት እትዬ መቀስ፣ ቀጠለች። ሌንሱ ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀ ሄዶ የቅርብ ነገር እንደሚያደበዝዝ የሚናገረው ቦታ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ሳቋ አመለጣት።

"ይሄ ያንቺ ነው፣ እትዬ። መነጽር ግዢ፣ አትሙቺብኝ።"

"ዓይንሽን እንዳላይ እንግዲህ" አለች እትዬ መቀስ ሳታስበው። ያለችው ሲገባት እጇ ወደ አፏ ሄደ። ልጅቷ ግን መተንፈስ እስኪያቅታት ሳቀች፤ እትዬ መቀስም ቆይታ አብራ ሳቀች። ሳቁ በረድ ሲል ተማሪዋ ወንበሯን ሳበች። ፊቷ ኮስተር ብሏል።

"አሁን የኔን ፈልጊልኝ" አለች። "የኔ የቱ ጋ እንደተበላሸ።"

እትዬ መቀስ ገጹን ገለጠች፣ አንድ አንድ እያለች፣ ምንም ሳትዘል። ከሥዕሉ ኋላ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ በሕፃንነት በሚይዝ ሕመም እንዴት እንደሚጎዳ የሚል አንቀጽ አገኘች። መጽሐፉን አራቀችው። ልጅቷ ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቅረጪው" አለች። እትዬ መቀስም ረጋ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች።